ያለ ጉዳይ የሚራመድ ሰው

ሰው ቆቦ ላይ ያለ ጉዳይ መቀመጥ ይችላል። ከፈለገ ሦስት ቀን ይቀመጥ፣ ምን ሆንክ የሚለው የለም። ጥላ ስር ተጋድሞ ቢያንኮራፋ እንኳ «ሙቀቱ ነው፣ ምን ያድርግ» ተብሎ ይታዘንለታል። ያለ ጉዳይ መራመድ ግን ሌላ ነገር ነው። እኛ ዘንድ ሰው የሚራመደው ወደ ማሳው፣ ወደ ገበያው፣ ወደ መስጊዱ ወይም ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ነው። ከዚህ ውጭ እግሩን ያነሳ ሰው መልሱን አዘጋጅቶ ይነሳ! እኔ ይህን የተማርኩት ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሌላውን ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው።

ነገሩ የጀመረው ጤና ጣቢያ ነው። ሲስተር ዘይነባ፣ የድሮ ተማሪዬ፣ ጣቴን ወግታ ደሜን አየችና «ጋሼ፣ ስኳርዎ ደጅ ቆሞ እያንኳኳ ነው። በሦስት ወር ካልወረደ ዕድሜ ልክ መድኃኒት ነው» አለችኝ። ሳቅኩ፤ የሳቅኩት ግን ለይምሰል ነው። ታላቅ ወንድሜ በዚሁ ስኳር አንድ እግሩን አጥቶ ነው የሞተው። ፈራሁ፣ ምን ይደበቃል! ምን ይሻላል ብላት በየማለዳው አንድ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድ፣ አለመናደድ፣ ደግሞም በቀን አንድ ሰው ማመስገን አለችኝ። ማመስገኑ ለስኳር ምን እንደሚሠራ አልገባኝም። ግን እኔም በጊዜዬ ያልገባኝን ብዙ ነገር አስተምሬያታለሁና ተቀበልኳት።

ማታውኑ ማልኩ። ባለቤቴ የሺ «ያንተ መሐላ እንደ ቆቦ ደመና ነው፤ ያጉረመርማል እንጂ አይዘንብም» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ የመስከረሙ ዕቅዴ ለመስቀል እንኳ አልደረሰም ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል አይደል? የአሁኑን ግን አጥብቄ ታጠቅኩ።

በማግስቱ ገና ሲነጋጋ ሸራ ጫማዬን አጥልቄ፣ ጋቢዬን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ፣ በዋጃ መውጫ አስፋልቱን ይዤ ገሰገስኩ። ዱላ እንኳ አልያዝኩም። የራያ ሰው ዱላውን ትቶ በማለዳ ሲገሰግስ ከታየ ደግሞ ወይ ቤት ተቃጥሏል ወይ ሰው ሞቷል። ይህን እያወቅኩ እንዴት ረሳሁት? ጎረቤቴ ሙሔ ማሽላውን ከወፍ ሊጠብቅ ወንጭፉን ይዞ ሲወጣ አየኝና ድምፁን ሳያሰማ ከኋላዬ ገባ። መርዶ የሰማን ሰው መንገድ ላይ ጠይቆ ማስቆም ነውር ነው፤ መከተል ነው እንጂ። ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተከተሉት። አንድ ባለጋሪም ፈረሱን መለሰ። እኔ ይህን ሁሉ አላየሁም፤ በልቤ አንድ ሁለት፣ አንድ ሁለት እያልኩ ነው።

ድልድዩ ጋ ስደርስ ላቤን ልጠርግ ዞር አልኩ። አሥራ ሰባት ሰው! አንዲት እናት ፊቴን እንዳዩ «ወይኔ!» ብለው ደረታቸውን መቱ። ሙሔ እንባው ዐይኑ ላይ ሞልቶ ቀረብ አለና «አብሽር ወዳጄ፣ ማን ነው?» አለኝ። ምን ልበል? ማንም አይደለም፣ ስኳሬን ላወርድ ነው አልኩ። ሴቶቹ ያዘቀዘቁትን ነጠላ መለሱ። ሙሔ ትንሽ አየኝና «አፉ በለኝ ደምሴ፣ ግን የኔን ማሽላ ይሄኔ ወፍ ጨርሶታል» ብሎ ተመለሰ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ከሰዓት በኋላ ደምሴን ስኳር ጥሎታል ተብሎ ተወራ። ወሎ ደግሞ ታማሚን ባዶ እጁን አይጠይቅም። አንዷ ማር፣ ሌላዋ በቅቤ የራሰ ገንፎ አመጡ። ሙሔ ራሱ ቂሙን ትቶ አንድ ሳጥን ለስላሳ ተሸክሞ «አላህ ያሽርህ» እያለ ገባ። የሰው እጅ ይመለሳል እንዴ? አመሰገንኩ፣ ጠጣሁ፤ አመሰገንኩ፣ በላሁ። በወሩ ሲስተር ዘይነባ ቁጥሩን አይታ ደነገጠችና ምን እየበሉ ነው ብትለኝ፣ ምስጋና አልኳት። እሷ ሳቀች፤ እኔ ግን ሌሊቱን የወንድሜን እግር ሳስብ አደርኩ።

መላውን ያመጣችው የሺ ናት። ሌላው አገር ዕድር የሚለው የሰፈራችን ቅሬ ጥሩምባ ነፊ ጉልበቱ ደክሞ ሊተው ነው፤ «አንተ ያዘው፤ ከዚያ ወዲያ የት ትሄዳለህ የሚልህ የለም» አለችኝ። ያዝኩት። ሰው ሲሞት፣ ስብሰባ ሲጠራ እየዞርኩ እነፋለሁ። ምንም በሌለ ቀንም ጥሩምባዬን በብብቴ ይዤ አንድ ሰዓት ሙሉ እራመዳለሁ። እውነትም የሚከተለኝ ጠፋ! ሰው ሁሉ ከሩቅ ሲያየኝ ትንፋሹን ይውጣል፤ ደጁን አልፌ ስሄድ ክርስቲያኑ «ተመስገን!» እስላሙ «አልሐምዱሊላህ!» ይላል። እኔ በቀን አንድ ሰው ላመሰግን አቅጄ፣ ሰፈሩን በሙሉ በየማለዳው አመስጋኝ አደረግኩት።

ሦስተኛው ወር ሲሞላ ስኳሬ ወርዶ ተገኘ። መድኃኒት አያስፈልግም ተባልኩ። ደስታዬ እንቅልፍ ነሳኝ። የዚያን ቀን ምስጋና ከሲስተር ዘይነባ ሌላ ለማን ይገባል? ጎህ ሲቀድ ተነስቼ፣ ሥራ ሳትገባ ልድረስባት ብዬ ቤቷ ሄድኩና በሩን አንኳኳሁ። ከፈተች። እኔን አየች፣ በብብቴ ያለውን ጥሩምባ አየች፣ ከዚያ «እናቴን!» ብላ ደጃፉ ላይ ተዘረጋች። ለካ እናቷ ጎብዬ ከተማ ታመው ከርመዋል። እኔ ለምስጋና ነው፣ ለምስጋና ነው እያልኩ ብጮህ ማን ይስማኝ? ጎረቤቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ ወጣ፤ ሁለት ሰዎች ድንኳን ሊያመጡ ሮጡ። ጎብዬ ተደውሎ እናትየው ራሳቸው በስልክ «ደህና ነኝ፣ ምን ሆናችሁ?» እስኪሉ ድረስ ተለቀሰ።

ሲስተር ዘይነባ ፊቷን ታጥባ፣ ውኃ ጠጥታ፣ ልቧ ሲመለስ ምክሯን አሻሻለችልኝ። «ጋሼ» አለችኝ፣ «መራመዱን ይቀጥሉበት። ምስጋናውን ግን ከእንግዲህ ለፈጣሪ ብቻ ያድርጉት።»