ጋሽ ፈካ ያጠፉት ጠባሳ

ፎቶ አንሺ የሌለው ሰፈር የለም። ሰው ከእናቱ ሆድ ሳያልቅ የወጣ ፍጡር ነው ብሎ የማያምን የሰፈር ፎቶ አንሺም የለም። እናት ትጀምራለች፤ ፎቶ አንሺው ይጨርሳል።

የዚህ ሰፈር ጨራሽ ጋሽ ፈካ ናቸው። እውነተኛ ስማቸው ሌላ ነው፤ ከዳቦ ቤቱ እስከ አውቶቡስ ማዞሪያው ድረስ ግን በዚያ ስም የሚጠራቸው አይገኝም። ፎቶ የያዘውን ፖስታ ሲያስረክቡ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ በድብቅ ውለታ እንደሚውል ሰው፣ «ትንሽ ፈካ አድርጌዎታለሁ» ይላሉ። ትንሽ ማለት በእሳቸው ሚዛን የገዛ እናትህ እስክትስትህ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ተጠቂ ራሳቸው ናቸው። ጋሽ ፈካ ጥቁር ናቸው። ጠይም አይደሉም፣ ቀይ ዳማ አይደሉም፣ ሰው አፉን ሊያለሰልስ ሲፈልግ እንደሚለው «ጠቆር ያሉ» እንኳ አይደሉም፤ ጥቁር ናቸው። በፎቶ ቤቱ መስኮት ላይ የተሰቀለው ትልቁ ፎቷቸው ግን የተላጠ ድንች ይመስላል። አዲስ ደንበኛ ይገባና ወደ መስኮቱ እየጠቆመ፣ «ባለቤቱ የሉም እንዴ?» ይላቸዋል። ክቡርነታቸውም ቅር ሳይላቸው፣ «ምን ነበር? እኔም እሠራለሁ» ብለው ያስተናግዱታል።

እሳቸው ያነሱትን ጉርድ ፎቶ መታወቂያው ላይ የለጠፈ ሰው በየበሩ መቆሙ አይቀርም። የመጋዘኑ ዘበኛ አንዱን የቀን ሠራተኛ «ሁለተኛ የወንድምህን መታወቂያ ይዘህ እንዳትመጣ» ብሎ መልሶታል። በትምህርት ቤቱ የምረቃ ፎቶ ላይ ክፍሉ በሙሉ ከአንድ ሊጥ የተቆረሰ ስለሚመስል፣ መምህርቷ ልጆቿን የምትለየው በጫማቸው ነው። አንዲት አራስ የልጇን ፎቶ ተቀብላ ደንግጣ፣ «ጋሼ፣ ልጄን አሞታል እንዴ?» ብትላቸው፣ «አላመመውም የኔ ልጅ፤ አምሮበት ነው» ብለው አጽናንተዋታል።

ሲያነሱም ሥርዓት አላቸው። «አገጭ ዝቅ! ትከሻ ላላ! ዓይን ወደኔ! በቃ፣ አሁን ሰው ሆንክ።» ከዚያ በፊት ምን እንደነበርክ አይነግሩህም።

ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሹፌር እነዚህን ወሬዎች አንድ በአንድ ያውቃቸዋል፤ ግማሾቹን መሪ እንደጨበጠ ለተሳፋሪ ያወራ እሱ ነው። ወደ ቤቱ ሲገባም ለሚስቱ ይደግማቸው ነበር። ሚስቱ በከተማው ትልቅ ሆቴል የልብስ እጥበት ክፍል ውስጥ ትሠራ ስለነበር፣ «እኔ አንሶላ አጥባለሁ፣ እሳቸው ሰው ያጥባሉ» ትለውና ሁለቱም ይስቁ ነበር።

ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ወሬ ቢያገኝም ይዞት የሚገባበት ቤት የለውም። ቤቱማ አለ፤ ሁለት ክፍል፣ ንጹሕ፣ ጸጥ ያለ። ልጅ አልወለዱም። ልብሱን አጥቦ ሲያሰጣ የገመዱን ግማሽ ይተዋል፤ ከፈለገም ሙሉውን መያዝ እንደሚችል ትዝ የሚለው ወደ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው።

አንድ ቀን ፎቶዋን አሳድጎ ሊሰቅል ፈልጎ ሳጥኑን ከፈተ። ያገኘው ሁለት ፎቶ ብቻ ነው፤ ሁለቱም የጋሽ ፈካ ሥራ። አንዱ የሠርጋቸው ሲሆን፣ ከማያውቃት ነጣ ያለች ሴትዮ ጎን ቆሞ ፈገግ ብሏል። እሱም ፈክቷል፤ እሱ ግን በሕይወት አለ፣ መስታወትም አለው። ሌላው ለሥራ ማመልከቻ የተነሳችው ጉርድ ፎቶ ነው።

ያ ማመልከቻ ለሆቴሉ እንግዳ ተቀባይነት ነበር። ማመልከቻ ላይ ፎቶ ይለጠፋል። ለምን እንደሚለጠፍ ማንም አይናገርም፣ ሁሉም ያውቃል። ነጮቹ አገሩን ይገዙ በነበረ ጊዜ የሆቴሉ ደንብ አያሻማም ነበር፦ ቀላ ያለው ከእንግዳ ፊት ይቆማል፣ ጠይሙ ሳህን ያመላልሳል፣ ጥቁሩ ከኋላ ያጥባል፣ ይሸከማል። ገዢዎቹ ከሄዱ ስንት ዘመናቸው። ባንዲራው ተቀይሯል፣ የሆቴሉ ስም ተቀይሯል፣ ምንጣፉ ሳይቀር ተቀይሯል። ማን የት እንደሚቆም ግን እስከ ዛሬ የነካው የለም።

ፎቶዋ ታየና ተጠራች። ቅጥር የሚፈጽመው ሰውዬ፣ ራሱም ከእሷ የማይቀላ፣ ፎቶውን አየ፣ እሷን አየ፣ እንደገና ፎቶውን አየና፣ «እህቴ፣ ሄደሽ ይቺን ሴትዮ ላኪልኝ» አላት። ብዙ ለምና በኋላው በር አስገቧት፤ ጡረታ እስክትወጣም በዚያው በር ገባች፣ በዚያው ወጣች። ፎቶውን ሳጥኑ ሥር ቀበረችው። «ይቺ ሴትዮ ሥራዬን ቀማችኝ» ትል ነበር እየሳቀች፤ ሳቁ የት ላይ እንደሚያልቅ ግን ሹፌሩ ያውቅ ነበር።

እንግዲህ ግድግዳው ላይ የሚሰቅላት ቀማኛዋን ብቻ ሆነ። የባሰው ደግሞ፣ ፎቶውን ደጋግሞ ካየ በኋላ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሚስቱን ሲያስባት የምትመጣለት ያችው ፈዛዛ ሴትዮ መሆኗ ነው። ፈራ። ኮቱን ለበሰና ፎቶ ቤት ሄደ።

«ጋሼ፣ ሚስቴን መልሱልኝ» አለ። ሌላ አነጋገር አልመጣለትም።

ጋሽ ፈካ መነጽራቸውን አድርገው ጉርዱን ፎቶ አዩት። «ምን ሆነች? አምራለች እኮ።»

«አምራለች። እሷ ግን አይደለችም። ሚስቴ ጥቁር ነበረች።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ለዚህ ነዋ!»

«ይህ ፎቶ እኮ ሥራ አስከለከላት፣ ጋሼ።»

«ያስጠራት ይህ ፎቶ ነው! ያለ እሱ የሆቴሉን ደጅ አትረግጥም ነበር።»

«የረገጠችውም የኋላውን ደጅ ነው» አለ ሹፌሩ፣ ድምፁን ሳያነሳ።

ጋሽ ፈካ ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። መሳቢያ ሳቡና አንድ የቆየ ፎቶ አወጡ። ኮት የለበሰ ሰው ነው፤ ደረቱ ላይ ቁጥር ይዟል። ከኮቱ ኮሌታ በላይ ግን ጥላሸት ብቻ ነው። አፍንጫ የለ፣ አፍ የለ፤ ዓይን በሚሆንበት ቦታ ሁለት ነጭ ነጠብጣብ።

«አባቴ ነው» አሉ። «ወደብ ላይ ተሸካሚ ነበር፤ የያዘው የሥራ ቁጥሩን ነው። ይህን ፎቶ ቤት የከፈተው ነጭ ነው ያነሳው። ያችን ታያታለህ?» በግድግዳው ላይ ከካሜራ ፊልም ካርቶን ጋር የመጣች የአንዲት ነጭ ወይዘሪት ሥዕል ተለጥፋ ትስቃለች። «መብራቱን የምናስተካክለው በእሷ ነበር። የእሷ ፊት ካማረ ሥራው አማረ። በእሷ መብራት ጥቁር ሰው ስታቆም እንዲህ ይወጣል። አባቴ ሲሞት ይህን ይዤ አለቀስኩ፤ ምኑን እንዳለቀስኩ ታውቃለህ? ኮቱን። ፎቶ ቤቱ እጄ ሲገባ፣ ከዚህ በር ማንም ጥላሸት ሆኖ አይወጣም ብዬ ማልኩ።»

ሹፌሩ ፎቶውን ብዙ አየው። «እኔ ደግሞ ቀሚሷን ላለቅስ ነው፣ ጋሼ» አለ።

ፎቶው ዳግም የሚታተምበት ኔጋቲቩ የለም፤ ጣሪያው ባፈሰሰ ጊዜ ሁሉም ተጣብቆ ተጥሏል። በኮምፒውተር ሊያጠቁሯት ሞከሩ፤ ጥላ የወደቀባት እንጂ የጠቆረች አልመሰለችም። ጋሽ ፈካ ማሽኑን አጠፉና ከመደርደሪያው ሥር ሰው ፎቶ በእጅ ያስቀባ በነበረበት ጊዜ ይሠሩበት የነበረውን የቀለም ሣጥን ጎተቱ። ጉርዱን ፎቶ በትልቁ አተሙና ብሩሽ ያዙ።

«መልኳ እንዴት ነበር?»

ሹፌሩ ጉርዱን ፎቶ አየው፣ መዳፉን አየው። ያን ሁሉ ዓመት ያየውን ፊት በቀለም ስም ጠርቶት አያውቅም። «እንደ መሪው» አለ በመጨረሻ። «የድሮዋ አውቶቡስ መሪ፣ እጅ ያሸው።»

«ስለ ሴትዮዋ ነው የጠየቅኩህ!»

«እኔ በደንብ የማውቀው መሪ ነው፣ ጋሼ።»

ጋሽ ፈካ እንደ ልማዳቸው ወደ ወይዘሪቷ ቀና አሉ። ምንም አልረዳቻቸውም። ያኔ የሸሚዛቸውን እጅጌ ሰበሰቡና ክንዳቸውን ከፎቶው አጠገብ ዘረጉት።

«ከዚህ ትጠቁራለች?»

«አትጠቁርም። ከክርንዎ ዝቅ ይበሉ። እዚህ ጋ። ይሄ ጉንጯ ነው።»

«ግንባሯስ?»

«ከሰዓትዎ ከፍ ብሎ ያለው።»

«ከንፈሯ?»

«እሱን እንኳ ይተዉት፣ እኔ አውቀዋለሁ።»

«ብቻህን ካወቅከው እኔ በምን ልቀባው፣ አንተ ሰውዬ!»

እንዲህ እያሉ ሰነበቱ። ሹፌሩ ምሳውን በልቶ ይመጣል፤ ጋሽ ፈካ ክንዳቸውን ዘርግተው ይጠብቁታል። እጃቸው ግን አመሉን አልተወም፤ እሱ ዞር ካለ ፈካ ያደርጓታል። «ጋሼ!» ሲላቸው፣ «እሺ፣ እሺ፤ እኔ አይደለሁም፣ እጄ ነው» ይላሉ።

ጉንጯ ያለቀ ቀን ጋሽ ፈካ ቀጭኑን ብሩሽ አነሱና፣ ማንም ሳይነግራቸው፣ ከአገጯ በስተግራ አጭር መስመር ሳቡ። ከዓይኗ ሥር ሁለት ነጥብ ጣሉ። ከቅንድቧ ጫፍ ጸጉር ያልበቀለበትን ትንሽ ክፍተት ከፈቱ። ሹፌሩ ከወንበሩ ተነሳ። ያችን ክፍተት ረስቷት ነበር።

«እንዴት አወቁ?»

«እኔ አይደለሁ ለፍቼ ያጠፋሁት?» አሉ፣ ቀና ሳይሉ። «የሰፈሩ ጠባሳ ሁሉ እኔ ዘንድ ነው ያለው።»

ሹፌሩ ወደ ፎቶው ጎንበስ አለ። «የአገጯ ግን በስተቀኝ ነበር።»

«በስተግራ ነው።»

«ስንት ዓመት ያየሁት እኔ ነኝ እኮ!»

«የት ሆነህ ነው መጀመሪያ ያየሃት?»

«መሪ ላይ። ከኋላዬ ትቀመጥ ነበር፣ በመስታወት...» አለ። መስታወት ግራን ቀኝ ያደርጋል። ዓይኑን ጨፈነ። ራት ላይ፣ ፊት ለፊቱ፣ ክርኗን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ፣ አንሶላና ሰው ስለማጠብ እያወራች መጣችለት። ፈዛዛዋ አይደለችም፤ ራሷ ናት። ጠባሳው በስተግራ ነበር።

ፎቶውን ወስዶ ሰቀለ። በማግሥቱ ልብሱን አጥቦ ሲያሰጣ አሁንም የገመዱን ግማሽ ተወ፤ አውቆ ነው የተወው።

ጋሽ ፈካ ተለወጡ ብሎ የሚያስብ ካለ አያውቃቸውም። የመስኮቱ ድንች አሁንም ተሰቅሏል፣ የመጋዘኑ ዘበኛም አሁንም ሰው ይመልሳል። ወይዘሪቷ ብቻ ከግድግዳው ወርዳ የሚወዛወዝ የጠረጴዛ እግር ደግፋለች።

ሹፌሩ ሳምንት ሳይሞላው ፎቶ ቤቱ በር ላይ ቆመ። «ጋሼ፣ ያ ጠባሳ በስተቀኝ ሳይሆን ይቀራል?» አለ።

አልነበረም። ሰበብ መሆኑን ጋሽ ፈካም ያውቃሉ። «ይሆናል፣ ግባና እናየዋለን» አሉና ወንበር ሳቡለት። ጠረጴዛው ላይ ያ የአባታቸው ኮት በትልቁ ታትሞ ተዘርግቷል፤ የቀለም ሣጥኑም ተከፍቷል።

«እናቴ አባትህ አንተን ነው የሚመስለው ትለኝ ነበር» አሉ፣ ወደ ሌላ እያዩ። «እኔ ደግሞ ራሴን አይቼው አላውቅም።»

ሹፌሩ ወንበሩን ወደ ብርሃኑ አስጠጋ።

«አገጭ ዝቅ፣ ጋሼ» አለ። «ዓይን ወደኔ።»