የክብር ቦታ በወይዘሮ ገላነሽ ታብሌት ላይ

ሐበሻ በሚኖርበት ከተማ ሁሉ፣ አዲስ ዕቃ በተገዛ ማግስት ሳይጠራ የሚደርስ አንድ አዋቂ አይጠፋም። ካርቶኑ ሳይጣል በር ያንኳኳል። የምዕራብ ፍራንክፈርቱ አቶ ዓምደ ሚካኤል ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የትራም ነጂ፣ የዞሰንሃይም ሰፈር ስልኮችና ሪሞት ኮንትሮሎች ሁሉ የበላይ ጠባቂ።

የአቶ ኢስማዒልን የቴሌቪዥን ጣቢያዎች በየአህጉሩ ስለደረደሩላቸው፣ ሰውየው ዜና ለማየት ዓለምን መዞር ግድ ሆኖባቸዋል። የግሪስሃይሟን የወይዘሮ ሳፍያን ስልክ ደግሞ እያንዳንዱን ስም በማዕረግ ስላስጀመሩት፣ ግማሹ ወዳጅ "አቶ" ሥር ተከማችቶ ቀርቷል።

ወይዘሮ ገላነሽ ታብሌት የገዙት ለአንድ ጉዳይ ነበር። አዲስ አበባ ያለችው ታናሽ እህታቸው ሊድያ ሰኞ ጠዋት ዓይኗን ኦፕራሲዮን ትሆናለች፤ ከዚያ በፊት ፊት ለፊት ሊያዩዋት ፈለጉ። የፊተኛው ገጽ ላይ የሊድያ ፎቶ ብቻ ቢኖር፣ እሱን ነክተው ቢደውሉ ይበቃቸዋል። እሑድ ከቅዳሴ መልስ አቶ ዓምደ ሚካኤል ሲመጡ ይህንኑ ነገሯቸው።

"ይደረጋል" አሉ መነጽራቸውን እየጠረጉ። "መጀመሪያ ግን ኦርድኑንግ!"

የእሳቸው ኦርድኑንግ፣ ጀርመኖቹ "ሥርዓት" የሚሉት፣ እንደ ሰርግ ቤት ሰውን በየደረጃው ማስቀመጥ ነው። ቄሱ ከላይ፣ ሐኪሙ ቀጥሎ። ሰዓት ከአየር ትንበያ ይቀድማል፤ "ታላቁ ነው" አሉ። ከዚያ የወዳጅ ዘመዱ ፎቶ ተራ ደረሰ።

"ወይዘሮ ሃዋ ይበልጣሉ ወይስ አቶ ጠዓመ?"

"እኔ ምኑን አውቄ! ሃዋ እንደሆነች ዕድሜዋን ለልጆቿም አልነገረች።"

"እንግዲያው ጎን ለጎን ይቀመጡ።"

"ሊድያስ?"

"እሷም ቦታ አላት፣ አይስጉ።"

አቶ ዓምደ ሚካኤል ከሄዱ በኋላ ወይዘሮ ገላነሽ ሊድያን ፈለጉ። የለችም። ሁለተኛው ገጽ የሽማግሌ መዓት ነው፤ ሦስተኛውም እንደዚያው። በስልክ ደወሉላቸው።

"እህቴን የት አደረሷት?"

"ከሁሉም ታናሽ ናት እኮ! መጨረሻው ገጽ ላይ፣ ወደ በሩ ጠጋ ብላለች።"

"ነገ ዓይኗ ሊታሰር ምን በር ላይ ያስቀምጡብኛል!"

እውነትም ሊድያ ጥግ ይዛ ተገኘች። ከእሷም በታች፣ የመጨረሻው መጨረሻ ላይ፣ ኮፍያ ያጠለቁ ሰው አሉ፤ አቶ ዓምደ ሚካኤል ራሳቸው። በዕድሜ ቄሱንም ሐኪሙንም ያስከነዳሉ። እንግዳውን ሁሉ አስቀምጠው ሲያበቁ ለራሳቸው የተረፈቻቸው ቦታ ያቺ ነበረች።

ወይዘሮ ገላነሽ እህታቸውን በጣታቸው እየጎተቱ፣ በሽማግሌው መሀል አሳልፈው፣ ከቄሱም በላይ አወጧት። ጥቂት አሰቡና ተመለሱ። ባለኮፍያውንም ጎትተው ከጎኗ አስቀመጡ። ከዚያ ደወሉ።

"እትዬ፣ ግንባርሽ ብቻ ነው የሚታየኝ" አለች ሊድያ።

"ያንቺ ፊት ሙሉውን ይታየኛል፤ ዝም ብለሽ ተቀመጪልኝ።"

በሳምንቱ እሑድ የሊድያ ዓይን በደህና ተፈትቶ፣ አቶ ዓምደ ሚካኤል ታብሌቱን ለመቃኘት መጡ። ቦታቸውን ሲያዩ ደነገጡ።

"ከቄሱ በላይ? ኧረ ነውር ነው፣ እኔ ታች ይበቃኛል!" ብለው ራሳቸውን ወደ ታች ጎተቱ።

"በሞቴ፣ ከፍ ይበሉ!" ወይዘሮ ገላነሽ መልሰው ወደ ላይ ጎተቷቸው።

አቶ ዓምደ ሚካኤል እንደ ደንቡ ሦስት ጊዜ እምቢ አሉ፤ ከዚያ ተቀመጡ።