ከሜዳችን ስለተነሳው ነጭ ምልክት የተያዘ የሰፈር ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ

እኔ ጸሐፊው ዕድሜዬ ሰማንያ አንድ ነው። ያለ መነጽር እጽፋለሁ። ሸሚዜን ራሴ እተኩሳለሁ። ደረጃ ስወጣ የማንንም እጅ አልይዝም። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ድስት ያሳረርኩት አንዴ ብቻ ነው፤ እሱም በር ላይ ሰው አስቁሞኝ። ይህን የምጽፈው ለጉራ አይደለም። ባለፈው ስብሰባ «ጸሐፊው ስላረጁ በወጣት ይተኩ» የሚል ሐሳብ ቀርቦ ስለነበር፣ መልሱ በጽሑፍ እንዲቀመጥ ነው።

ቀን፦ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ። ቦታ፦ የሰብሳቢው ጋራዥ፣ አሮጌ ጎማ ከተደረደረበት ግድግዳ ሥር።

የተገኙ፦ ሰብሳቢው ባለ ጋራዡ፣ ዳቦ ጋጋሪው፣ ልብስ ሰፊዋ (የሟች ባለቤቴ ታናሽ እህት)፣ ጸሐፊው እኔ። አምስተኛው አባል ቧንቧ ሠራተኛው ከጋራዡ አጠገብ ያለው የራሱ ጣራ ላይ መሸፈኛ ጆንያ በሚስማር እየመታ ስለነበር አልወርድም አለ። ደንባችን ደግሞ ሁሉም ካልተገኘ ውሳኔ አይጸናም ይላል። ሰብሳቢው «ይሰማሃል?» ብለው ሲጮኹ «ከነሐሜታችሁ!» ብሎ ስለመለሰ፣ እንደተገኘ ተቆጥሮ ድምፁን በመዶሻ እንዲሰጥ ተፈቅዷል። አንድ ምት ድጋፍ፣ ሁለት ምት ተቃውሞ። ምልዓተ ጉባኤው በዚህ ተሟልቷል።

አጀንዳ አንድ፦ ያለፈው ውሳኔ አፈጻጸም።

ሰማዩ ከጠራ ጀምሮ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን በላያችን እየሄደች እየተመለሰች ስትመላለስ መክረሟ ይታወቃል። ሥራዋ የአየር ላይ ቅየሳ ነው፤ መሬቱን ለካርታ ፎቶ ታነሳለች። የምታበራት የልጅ ልጄ መሆኗን ኮሚቴው ያውቃል፤ የማያውቅ ካለ እኔ ነግሬዋለሁ። ትልቅ አውሮፕላን ለማብረር ብዙ የበረራ ሰዓት ተጠራቅሞ መታየት አለበት፤ ለጀማሪ ሰዓት የሚሰጠው ደግሞ ይህ የወቅት ሥራ ብቻ ነው። ደመና ከገባ ሥራው እስከ ከርሞ ይዘጋል። ስለዚህ ልጅቱ ከጠዋት እስከ ማታ ሰማዩን እንደ ማሳ ታርሳለች።

ኮሚቴው ግን የፈራው ፎቶውን ነው። የሰብሳቢው ጋራዥ ወደ መንገዱ ገፋ ብሏል። የልብስ ሰፊዋ የፎቅ ክፍል ፈቃድ የለውም። የዳቦ ጋጋሪው ምድጃ ቤት ያለው የማን መሬት ላይ እንደሆነ እሳቸውም አያውቁም። ቀያሾች ፎቶውን ከመሬቱ ልክ ጋር የሚያገጥሙበት ምልክት እንዲሆን ሜዳችን ላይ ነጭ ላስቲክ በመስቀለኛ ዘርግተው በካስማ መትተው ስለነበር፣ ባለፈው ስብሰባ ዳቦ ጋጋሪው «አውሮፕላኗ የምትፈልገው እሱን ነው፤ እሱ ከሄደ እሷም ትሄዳለች» ብለው ምልክቱ እንዲነሳ ተወሰነ። ማን ያንሳው ሲባል «ጋሼ እንደሆኑ አይችሉም» አሉ። ይህን ሲሉ ሰማሁ። በማግስቱ ብቻዬን በእጅ ጋሪ ጭኜ፣ ወንዙን ተሻግሬ፣ ማዶ ሰፈር ሜዳ ላይ ዘረጋሁት። አፈጻጸሙ መቶ በመቶ ነው።

ሰብሳቢው «ታዲያ አውሮፕላኗ ለምን ባሰባት?» ሲሉ ጠይቀዋል። ጸሐፊው እንዳስረዳው፣ ልጅቱ በስልክ እንደነገረችው ፎቶው ከመሬቱ ልክ ጋር አልገጥም ስላለ ያንኑ መስመር ድገሚ እየተባለች ነው፤ የተደገመውም በረራ ቢሆን የሚቆጠርላት ሰዓት ነው። ነገሩ ከምልክቱ ጋር እንደሚያያዝ ጠርጥሬ እንደሆነ ተጠይቄ፣ ጠርጥሬ ዝም ማለቴን፣ ሰዓቷ ስለጨመረም ደስ ብሎኝ እንደነበር ገልጫለሁ። ልብስ ሰፊዋ «አንተ ሰውዬ! ለልጅቱ ሰዓት ስትለቅም እኛን ጣራ ለጣራ አስቃኘኸን አይደል!» ብለዋል። አስተያየቱ በጨዋ ቋንቋ ስላልቀረበ ግማሹ ብቻ ተመዝግቧል።

አጀንዳ ሁለት፦ ጣራዎችን ስለመሰወር።

ልብስ ሰፊዋ የዝገት ቀለም ያለው አንድ ሰፊ ጨርቅ ሰፍተው ትርፍ ክፍሎቹን ሁሉ ሊያለብሱ ሐሳብ አቅርበዋል። ጨርቁ ከየት ይምጣ ሲባሉ «መጋረጃችሁን አምጡ፤ ምን የሚታይ ነገር አላችሁና ትጋርዳላችሁ?» ብለዋል። ሰብሳቢው ወደ መንገዱ የገፋው የጋራዣቸው ጣራ አስፋልት ተመስሎ፣ መሀሉ ላይ ነጭ መስመር እንዲሰመርበት ጠይቀዋል። ዳቦ ጋጋሪው ደግሞ ሜዳው ላይ በዱቄት «እዚህ ሰው የለም» ተብሎ በትልቁ እንዲጻፍ አሳስበዋል። ጸሐፊው «ታዲያ ማን ጻፈው ሊባል ነው?» ሲል «ዱቄቱን የምሰጠው እኔ ነኝ፤ ጥያቄውን ለሌላ ቀን ያቆዩት» የሚል መልስ ተሰጥቷል።

ከረጅም ውይይት በኋላ ሦስቱም ሐሳቦች ለድምፅ ሲቀርቡ ከጣራው በተከታታይ ሰባት ምት ተሰማ። ቧንቧ ሠራተኛው «ሚስማር ነው የምመታው!» ብሎ ቢጮህም፣ ሰብሳቢው አንዴ የተሰጠ ድምፅ አይመለስም ብለው ሦስቱም በከፍተኛ ድጋፍ ጸድቀዋል።

አጀንዳ ሦስት፦ ያልተያዘ።

በዚህ መሀል የልጅ ልጄ ያለ ጥሪ ገባች። ሁሉንም በየተራ ሰላም ብላ ልብስ ሰፊዋን ስማለች። ኮሚቴውም በአክብሮት የምትቀመጥበት ጎማ አቅርቧል። ዓይኗ ቀልቷል።

«አባባ፣ ዛሬ አንተ ጋ ልደር ነው የመጣሁት» አለች። «ነገ ጠዋት የመጨረሻዬ ሳይሆን አይቀርም።»

ሰብሳቢው ምክንያቱን ጠየቁ። ልጅቱ እንዳስረዳችው፣ በእኛ ሰፈር ላይ የሚያልፈው መስመር ስንቴ ቢደገምም ፎቶው አልገጥም ብሏል። ካሜራው ተፈትሾ ደህና ሆኗል። አለቃዋም «ካሜራው ደህና ከሆነ ጠማማው ያንቺ እጅ ነው» ብሏታል። ነገ ጠዋት በርራ ካልገጠመ ሌላ አብራሪ ይተካል፤ የደገመችውንም ሰዓት አይፈርምላትም። «ሰዓቱስ ይቅር» አለች። «መስመር መያዝ አትችልም የሚል ስም ከወጣልኝ ማነው ሁለተኛ አውሮፕላን የሚያስነካኝ?»

ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ መሬት መሬት አይቷል። መዶሻውም ቆሟል።

«ቀጥ ብዬ የሄድኩ ነው የሚመስለኝ» አለች። «ወረቀቱ ግን አይ ይለኛል። አሁንማ የገዛ ዓይኔን መጠራጠር ጀመርኩ።»

ዳቦ ጋጋሪው ወደ ጸሐፊው ጠጋ ብለው «ዝም ይበሉ ጋሼ፤ ልጅ ናት፣ ትረሳዋለች» ብለዋል። በጆሮዬ ቢናገሩትም በስብሰባ ላይ የተባለ ስለሆነ መዝግቤዋለሁ።

ከዚህ በኋላ ጸሐፊው ብዕሩን ስላስቀመጠ ቀጥሎ ያለው ከትውስታ የተጻፈ ነው።

«ምልክቱን ያነሳሁት እኔ ነኝ» አልኳት።

«የቱን ምልክት?»

«የሜዳውን። ማዶ ነው ያለው።»

«በምን አነሳኸው?»

«በእጅ ጋሪ።»

«ብቻህን?»

«ብቻዬን።» እዚህ ላይ ድምፄ ኮራ ማለቱን ልብስ ሰፊዋ መስክረዋል።

ልጅቱ እጆቿን ዘርግታ አየቻቸው። «እኔ እኮ ከዛሬ ነገ ይስተካከልልኛል እያልኩ፣ ሌሊቱን ሁሉ እጄን እያየሁ ነው የማድረው» አለች። «አንተ ግን ስደውል፣ አይዞሽ ሰዓት ነው፣ ትለኛለህ።» አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ሰብሳቢው ምልክቱ በጨለማ ተመልሶ ነገሩ እንዲዘጋ ሐሳብ አቀረቡ። ልጅቱ የሚሆን አይደለም አለች፤ ቀያሾች እንደገና ካልለኩት በስተቀር አንድ ክንድ ቢዛነፍ ያው ነው፤ ለቢሮው መነገር አለበት። ዳቦ ጋጋሪው ቀያሽ ሜትር ይዞ ሰፈር ከገባ ሁላችንም አለቀልን በማለት፣ የኮሚቴ ምስጢር ስለሆነ ጸሐፊው አፉን እንዲዘጋ ይወሰን አሉ። ልብስ ሰፊዋ «ለመሆኑ የእኔ ክፍል ፎቶው ላይ ይታያል?» ብለው ጠየቋት።

«ይታያል፣ አክስቴ። ጣራ ሁሉ ይታያል። ማን እንደሚያየው ግን አላውቅም፤ አልዋሽሽም።»

የጸሐፊው አፍ መዘጋት ለድምፅ ቀረበ። ሰብሳቢውና ዳቦ ጋጋሪው ደገፉ። እኔ ተቃወምኩ። ከጣራው አንድ ምት ተሰማ። ሁላችንም ቀና ብለን ጠበቅን። ቆይቶ ሁለተኛውን መታ። ሁለት ለሁለት ሆነ።

ልብስ ሰፊዋ መቀሳቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተው ተነሱ። ያቺን ክፍል የሠሩት በሃያ ዓመት ስፌት ነው፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። «ክፍሌ ይታይ» አሉ። «እህቴ ብትኖር ጋሪውን ከነሽማግሌው ወንዝ ውስጥ ትከተው ነበር።» ይህ እንደ ተቃውሞ ድምፅ ተቆጥሮ ውሳኔው ሦስት ለሁለት ወድቋል። ዳቦ ጋጋሪው በልዩነት መውጣታቸው እንዲመዘገብ ጠይቀው፣ ሳይወጡ ተቀምጠዋል።

ስለዚህ ባለፈው ስብሰባ የተወሰነው፣ ዛሬ የተወሰነው፣ ጨርቁ፣ ዱቄቱ፣ አስፋልት የሚመስለው ጣራ፣ ጸሐፊው በወጣት ይተካ የተባለውም ጭምር ሁሉም ተሽሯል። ስብሰባው ማታ አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሰው ሳይሰነባበት ተበትኗል።

ቀሪው የኮሚቴው ሳይሆን የእኔ ነው። ዕዳዬን ራሴ እከፍላለሁ፤ ደጋፊ አልፈልግም።

ለአለቃዋ፦ ነገ አውሮፕላኗ ሳትነሳ በፊት ፊቱ ቆሜ፣ ጠማማው የእሷ እጅ ሳይሆን የእኔ ሥራ መሆኑን መንገር። የደገመችውን ሰዓት እስኪፈርም ከበሩ አልነቃነቅም።

ለቀያሾቹ፦ ላስቲኩን አጥቤ ማስረከብ፣ ሲለኩም ገመድ መያዝ።

ለማዶ ሰዎች፦ ሜዳቸው ላይ የቆፈርኩትን የካስማ ጉድጓድ መድፈን።

ለባለቤቴ እህት፦ ክፍሏን እናፍርስ የሚል ከመጣ ደረጃዋ ላይ መቀመጥ። እኔን ሳያነሱ አያልፉም፤ እኔ ደግሞ ከባድ ነኝ።

ለልጅ ልጄ፦ አውሮፕላኗን ስታስነሳ ቆሞ ማየት። እስከ ዛሬ አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ እየሸኘኋት፣ ሞተሩ ሲጮህ ፊቴን ወደ አጥሩ አዞር ነበር። ዓይኔን ጸሐይ ወግቶኝ ነው እላለሁ። ጸሐይ አይደለም።