ጥርስ አጣማሚው

ጥርስ የሚነቅል ሰው ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ጥርስ የሚያጣምምስ? እኔ ነበርኩ። ሳቁ፣ ግድ የለም። በጃንሆይ ዘመን ንፋስ መውጫ ላይ አንድ የእንጨት መሰንጠቂያ ነበር፤ እንጀራዬም የመጋዝ ጥርስ ማጣመም ነበር።

መጋዙ ሁለት ጎማ ላይ እንደ ቀበቶ የሚዞር ረጅም ብረት ነው። ርዝመቱን ልንገራችሁ? ቢዘረጋ ስማዳን አቋርጦ እስቴ ይገባል። እሺ፣ ስማዳን ይነካል። ጥርሱ ሁሉ ቀጥ ብሎ ከቆመ ብረቱ ግንዱ ውስጥ ይጣበቃል፣ ይጨሳል። ስለዚህ አንዱን ጥርስ ወደ ቀኝ፣ ቀጣዩን ወደ ግራ ዘንበል ማድረግ ነው። ለዚህ በእጅ የምትሠራ ማሽን ነበረችን፤ እጀታዋን ወደ ቀኝ ስትገፏት ጥርሱ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ስትስቧት ወደ ግራ። ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኑን ሙሉ። ሰው በዚህ አያብድም? ደጃፉ ላይ የታሰረ በሬ እኔን እያየ አብዷል።

አንድ ሚያዝያ በአርብ ገበያ በኩል ካለ ደብር አለቃ ተድላ መጡ። የቤተ ክርስቲያናቸው የሣር ክዳን ወድቆ ታቦቱ እቃ ቤት ከርሟል። ምእመኑ እንደ ምንም ቆርቆሮ ገዝቷል። ሣር ቢሆን የተንጋደደ እንጨትም ይሸከመዋል፤ ቆርቆሮ ግን ቀጥ ያለ ይፈልጋል። ከግቢው የቀሩትን አራት ጽዶች ቆርጠው፣ በሰው ትከሻ አሸክመው አመጡ። ከዚያ ወዲያ በደብሩ ጥላ የሚሆን ዛፍ እንኳ የለም።

«ልጄ፣ ታቦቱ ሁለተኛ ክረምት እቃ ቤት እንዳይከርም» አሉኝ።

እንዲህ ላለ ሥራ ባዶ እጅ አይበቃም አልኩና በጸሎት ላጣምመው ቆረጥኩ። ለእያንዳንዱ ጥርስ አንድ «እግዚኦ»። አርባ አንድ ሲሞላ አርፋለሁ፣ አማትባለሁ፣ ደግሞ በቀኝ እጀምራለሁ። በግራ የሚጀምር ክርስቲያን የት አለ?

መጋዙ ተገጠመ፤ ሞተሩ ጮኸ፤ የመጀመሪያው ግንድ ገባ። ጣውላው ሲወጣ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? በአንድ ዓይን ጠርዙን ተከትላችሁ ብታዩ የራሳችሁን ጆሮ ታያላችሁ።

የመሰንጠቂያው ሹም አቶ ጥሩነህ «ግንዱ ነው!» አለ። ሁለተኛው ገባ፤ እሱም ወደ ቀኝ ታጠፈ። «እንግዲያው ሞተሩ ነው!» ብሎ ጠበል አስረጨበት። ሦስተኛው ከሁሉ ባሰ።

ይሄኔ አለቃ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ሰው፣ ጥርሱን እንዴት ነበር ያጣመምከው?»

በኩራት አስረዳኋቸው። የጣታቸውን አንጓ እየነኩ ቆጠሩ።

«በቀኝ ጀመርክ።»

«አዎ፣ አባቴ።»

«አርባ አንደኛው በየት ወደቀ?»

«በ... በቀኝ።»

«ከዚያስ?»

«በቀኝ... ጀመርኩ።»

«እንግዲህ በየእግዚኦታው አንድ ቀኝ ተርፏል። መጋዙ ወደ ቀኝ ቢሄድ ምን ያድርግ?»

አቶ ጥሩነህ ራሱን ይዞ «ምነው እየዘፈንክ ባጣመምከው ኖሮ!» አለኝ።

ጥርሱን ሁሉ እንደገና አቃናሁ፤ አፌን ሳልከፍት እንደገና አጣመምኩ። አራተኛው ግንድ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ተሰነጠቀ። ግን ከአንድ ግንድ ጣሪያ ይወጣል? በር ወጣ። በላይም በታችም ጋይንት እንደዚያ ያለ ቀጥ ያለ በር የለም፤ ይህን እንኳ ሳላጋንን ነው።

ክረምቱ ገባ። ታቦቱም እቃ ቤት ቀረ። አንድ ቀን በደብሩ ባልፍ፣ አለቃ ዝናብ እየወረደባቸው ጣሪያ የሌለውን ባዶ ቤተ ክርስቲያን በር ይቆልፋሉ።

«ምን ይሰረቃል ብለው ነው፣ አባቴ?» አልኳቸው።

ቁልፉን አዙረው ጨረሱና «በሩ» አሉኝ።