ሜዳችን ላይ ለምን እንሸነፍ ነበር

ሰው ሜዳ ሄዶ መሸነፍ ምንም አይደል። ለምን ብትሉኝ፣ የመልሱ መንገድ ረጅም ነው። ከተማውን በሚዞረው አውራ ጎዳና፣ ቤልትዌይ ላይ ተዘግቶባችሁ ስትቆሙ ንዴቱ ቀስ እያለ ወደ ትራፊኩ ይዞራል። ቤት ስትደርሱ በማን እንደተናደዳችሁ ራሱ ይጠፋችኋል። ሜዳችሁ ላይ ስትሸነፉ ግን ጉድ ነው። ቤታችሁ እዚያው ነው። ንዴታችሁን ሙሉውን፣ እንደ ትኩስ ድስት ይዛችሁት ትገባላችሁ።

እኛ ደግሞ የምንሸነፈው ሜዳችን ላይ ነበር። "እኛ" ስል አሜሪካ ያለችው የሲልቨር ስፕሪንግ የሴት ልጆች የራግቢ ቡድን ደጋፊዎችን ማለቴ ነው። አዎ፣ ራግቢ። ሞላላ ኳስ፣ ወገብ ይዞ መጣል፣ ጭቃ። የሐበሻ ልጅ እዚያ ምን አገባት አትበሉኝ፤ እኛም ብለን ነበር። መጀመሪያ የገባችው የጓደኛዬ የታምሩ ልጅ ሳሮን ናት። አባቷ ቮሊቦል መስሎት ፈቀደ። እሷ ጓደኞቿን ጎተተች፣ ጓደኞቿ የአክስት ልጆቻቸውን ጎተቱ፣ ዓመት ሳይሞላ የቡድኑ እኩሌታ የኛ ልጆች ሆኑ። ልጆቹን ተከትሎ ወላጅ መጣ። ወላጅ ደግሞ ባዶ እጁን አይመጣም። ሳምቡሳውን፣ ታጣፊ ወንበሩንና ምክሩን ይዞ ነው የሚመጣው።

ምክሩ ላይ ትንሽ ልቆይ። በራግቢ ኳስ በእጅ ስትቀባበሉ ወደ ኋላ ወይም ወደ ጎን እንጂ ወደ ፊት መወርወር ክልክል ነው። ወደ ፊት የወረወረች ልጅ ፊሽካ ይነፋባታል፤ ጥቅሙ ለሌላው ቡድን ይሆናል። ይህን ለታምሩ ያስረዳሁት እኔ ነኝ። ሰምቶ ሲያበቃ በሐዘኔታ አየኝ።

"እና የሚኬደው ወደ ፊት፣ ኳሷ የምትወረወረው ወደ ኋላ?" አለ።

አዎ አልኩት።

"ይሄን ሕግ ያወጣው ሰው ባስ ነድቶ አያውቅም" አለኝ።

ታምሩ የከተማ ባስ ሹፌር ነው። ሕይወቱን ሙሉ ወደ ፊት ሲሄድ የኖረ ሰው ነው። ስለዚህ ሕጉን እንደሌለ ቆጠረው። ቅዳሜ ቅዳሜ መስመሩ ዳር ይቆምና፣ ጎረቤት ከተማ ላንግሊ ፓርክ ድረስ በሚሰማ ድምፅ "ሳሮን! ወደ ፊት በይ! ወደ ፊት!" ይላል። ሌሎቹ አባቶችም የየልጃቸውን ስም እየጠሩ ያግዙታል። ለምን ይዋሻል፣ ድጋፉ ልብ ይሞላ ነበር። ውጤቱ ነው ያልሞላው።

አንድ ቅዳሜ የበልትስቪል ልጆች መጥተው ተጫወቱብን። ተጫወቱብን ነው የምላችሁ፣ ከኛ ጋር ተጫወቱ አልልም። የኛ ልጆች ኳስ በያዙ ቁጥር ፊሽካ። ከዚያ በኋላ እንደ ልማዳችን መሃል ከተማ ያለች አንዲት ካፌ ተሰበሰብን። ለቅሶ ቤት ነው የሚመስለው። አንዱ ሳሩ ረዝሟል አለ። ለበልትስቪሎቹ አጭር ነበር እንዴ? ሌላው ዳኛዋን ረገመ። ከጴንጤዎቹ አንዱ በደንብ አልጸለይንም አለ። ከኦርቶዶክሶቹ አንዷ ልጆቹን ጾም አዳክሟቸው ነው አለች፤ ጾሙ የገባው ገና በዋዜማው ነበር። የታምሩ ማኪያቶ ሳይነካ ቀዘቀዘ።

"ይሄን ያህል እየጮህንላቸው፣ ይሄን ያህል እየመከርናቸው ምን ጎደላቸው?" አለ። "የሚገርመው ደግሞ ሩቅ ሄደው ሲጫወቱ ያሸንፋሉ። ከኛ አንድ ሰው እንኳ አጠገባቸው ሳይኖር!"

ነገሩን እሱ ራሱ ከፊታችን አስቀምጦት ነበር። ያነሳው ሰው ግን አልነበረም። ሁላችንም በሐዘን ራሳችንን ነቀነቅን።

ያነሳችው አሰልጣኟ ናት። በወጣትነቷ ራሷ የተጫወተች፣ አፍንጫዋ ወደ አንድ በኩል ያዘነበለ አሜሪካዊት ናት። በሌላ ቀን ልምምድ ላይ ጠራችኝና በትሕትና አንድ ነገር ጠየቀችኝ። "ወደ ፊት" ማለት ምንድን ነው? ይህ ቃል ከወላጆች በኩል በተሰማ ቁጥር ልጆቼ ኳሷን ወደ ፊት ይወረውራሉ፤ የሆነ ድግምት ነው ወይ? ትርጉሙን ነገርኳት። ሳሩ ላይ ተቀመጠች። ቆይታ፣ እሺ አባቶቹ ይጩሁ፤ ልጆቹ ለምን ይሰሟቸዋል፣ የኔ ልጅ እኮ ሰምታኝ አታውቅም አለችኝ።

ይህን እንዴት ላስረዳት? እነዚህ ልጆች ቤት ውስጥ በአማርኛ ሲጠየቁ በእንግሊዝኛ የሚመልሱ ናቸው። በራቸውን ዘግተው ይውላሉ፣ እራት ሲጠሩ አምስቴ ነው። ግን በሰው ፊት፣ ትልቅ ሰው ስማቸውን ጠርቶ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ፣ እጃቸው ከሐሳባቸው ቀድሞ ይታዘዛል። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ እንደዚያ ነው ያሳደግናቸው። ባጭሩ የተሸነፍነው በጥሩ አስተዳደግ ነው። ይህን ለታምሩ የሚነግረው ግን ማን ነው? እኔ? እኔ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ዝም አልኩ።

ነጋሪዋ ልጁ ሆነች። የዓመቱ የዋንጫ ጨዋታ ከአሌክሳንድሪያ ልጆች ጋር ደረሰን። የደርሶ መልስ ጨዋታ ነው፤ መጀመሪያ እዚህ፣ በሳምንቱ እዚያ። ለሳሮን የመጨረሻዋ ነው። በመስከረም ኮሌጅ ትገባለች፣ ያውም አውሮፕላን የሚያስፈልገው ስቴት። ታምሩ ኮል አደረገልኝ። ድምፁ ዝቅ ብሎ የሰማሁት ያኔ ነው።

"አትምጣ አለችኝ።"

ማን?

"ሳሮን ናታ! 'ዳድ፣ አይ ላቭ ዩ፣ ግን ፕሊስ እንዳትመጣ' አለችኝ። አንተ፣ እኔ ቅዳሜን ኦፍ ለማግኘት ስንት በዓል ሠርቻለሁ! በመስከረም እኮ የለችም። ከዚያ ወዲያ ማንን ነው የማየው?"

በኛ ወግ መልስ ሲጠፋ ሽምግልና ይኬዳል። ሁለት ሰዎች ይዤ ሄድኩ። አንዱ ከቤተ ክርስቲያን ሰበካ፣ ሌላው ከጴንጤዎቹ ሽማግሌዎች፤ አዳሉ እንዳንባል ነው። ሦስት ሰዎች ኮት ለብሰን፣ አሥራ ስምንት ዓመት ካልሞላት ልጅ ፊት ተደርድረን ቆምን። ሳሮን ሶፋው ላይ ሆና እግሯን በረዶ የሞላ ባልዲ ውስጥ ነክራለች። የሰበካው ሰው ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ ልጄ፣ የመጣንበት ጉዳይ ከባድ ነው ብሎ ጀመረ።

"ስለ ዳድ ነው አይደል፣ አንክል?" አለች። "ተቀመጡ፣ ፕሊስ።"

ተቀመጥን። አባት በልጁ የመጨረሻ ጨዋታ ላይ የመገኘት መብቱን አንድ በአንድ አስረዳናት። በትዕግሥት ሰማችን። ከዚያ ቅድመ ሁኔታዋን ነገረችን። ይምጣ፤ ግን የእንግዶቹ ደጋፊዎች በሚቆሙበት በወዲያኛው በኩል ይቁም። ስሟን አይጥራ። የጓደኞቿንም ስም አይጥራ። እኔ ደግሞ ዋስ ሆኜ አጠገቡ እቆማለሁ። ሌሎቹን አባቶች እናቷ ሰናይት በሳምቡሳ አፋቸውን ልትይዝ ቃል ገባች። ውሉን ለታምሩ ነገርነው።

"ዝም ብዬ ማየት እንኳ ካልተከለከለ ይሁን" አለ።

ጨዋታው ተጀመረ። ታምሩን ያያችሁት ቢሆን ታዝኑለት ነበር። እጁን ኪሱ ከቷል፣ ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ቃሉን ግን ጠበቀ። የኛ ልጆች ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ እንደዚያ ሲጫወቱ አይቼ አላውቅም። ኳሷ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ፣ እነሱ ወደ ፊት! ችግሩ አሌክሳንድሪያዎቹም አንድ ልጅ አለቻቸው። ቤዛ ትባላለች። ስሟን ያወቅነው እናቷ አጠገባችን ቆማ ስትጠራት ነው። ልጅቷ ነፋስ ናት። ሁለቴ መስመሩን ጥሳ ኳሷን መሬት አስነካች፤ በራግቢ ነጥብ የሚገኘው እንደዚያ ነው፤ ለዕረፍት ስንወጣ እየተመራን ነበር።

ከዕረፍት በኋላ ታምሩ ወደኔ ጎንበስ ብሎ "ይቺ ልጅ ጎበዝ ናት" አለኝ። "መካሪ ግን የላትም።"

ታምሩ፣ ቃል ገብተሃል አልኩት።

"የገባሁት የሳሮንንና የጓደኞቿን ስም ላልጠራ ነው። ይቺ የማን ጓደኛ ናት?"

ሕግ አዋቂ ቢጠየቅ ለእሱ ነው የሚፈርድለት። ሦስት ሽማግሌ ተሰብስበን የተቀበልነው ውል እንዲህ ዓይነት ቀዳዳ ነበረው።

"ቤዛዬ! ወደ ፊት በይ፣ የኔ ልጅ! ወደ ፊት!"

ልጅቷ እየሮጠች ዞር አለች። ፀጉራቸው የሸበተ፣ ከአባቷ የማይለዩ ሐበሻ ሰውዬ እጃቸውን እያወናጨፉ ስሟን ይጠራሉ። ምን ታድርግ? ወደ ፊት ወረወረች። ፊሽካ።

"አይዞሽ! ድገሚው!"

ደገመችው። ፊሽካ። የአሌክሳንድሪያ አሰልጣኝ ራሱን ይዞ ጮኸ፤ እሱ የሚጮኸው ግን በእንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ ስሟን ጠርቶ የሚጮኽ ትልቅ ሰው እያለ እንግሊዝኛ ማን ይሰማል? ከዚያ ወዲያ የአሌክሳንድሪያ ነፋስ ቆመ። ሳትወረውር ታምሩን ታያለች፣ ወርውራም ታምሩን ታያለች። እኛ አንድ በአንድ እያልን ደረስንባቸው።

ሊያልቅ ሲል ኳሷ ሳሮን እጅ ገባች። ሮጠች። ከፊቷ የቀረችው ቤዛ ብቻ ናት። ቤዛ ደርሳ ወገቧን አቀፈቻት፤ ልትጥላት ነው። ከዚህ በኋላ የሆነው ከአባት አንጀት የወጣ ነው፤ ተንኮል ነው ብዬ ለማንም አልመሰክርም።

"ኧረ ቀስ! ቤዛ! ቀስ በይ፣ ልጅቷን ትሰብሪያታለሽ!"

ቤዛ ደንግጣ ለቀቀቻት። እንደውም "ይቅርታ፣ ጋሼ" ያለች መሰለኝ። ሳሮን ብቻዋን መስመሩን አልፋ ኳሷን መሬት ላይ አስቀመጠቻት። ማዶ ያሉት አባቶች ከነሳምቡሳቸው ዘለሉ። ሜዳችን ላይ አሸነፍን! ማልቀስ የጀመረ ሰው አየሁ። ሌላ አልነበረም፣ እኔ ነበርኩ።

የቤዛ እናት ወደኛ ስትመጣ ለመሸሽ መንገድ ፈለግሁ። ሴትዮዋ ግን ታምሩን ሦስቴ ሳመችው።

"እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ። የሰው ልጅ ሳይሉ እንደራስዎ ልጅ መከሩልኝ። ሳምንት እኛ ጋ ሲመጡም እንዳይቀሩብኝ።"

ወዲያው ሳሮን ከነጭቃዋ መጥታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። "ዳድ፣ አሌክሳንድሪያም ትመጣለህ አይደል?" አለችው። አንገቱን ስትለቀው ደግሞ "እዚያም እነሱ ጋ ነው የምትቆመው" አለች። ታምሩ ዞሮ አየኝ።

"ምክሬ ዘግይቶ ገባት" አለኝ።

በሳምንቱ አሌክሳንድሪያ ሄድን። እነሱም ሞኞች አይደሉም፤ ሳምንቱን ሙሉ አስበውበታል። ቤዛ ጆሮዋን በጥጥ ደፍናለች። የኛ ደጋፊዎች በሚቆሙበት በኩል ደግሞ ሙሉ ልብስ ከነከረባቱ የለበሱ፣ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ወንበር ተሰጥቷቸው ተቀምጠዋል። የቤዛ አያት ናቸው። የኛን ልጆች ስም አስጠንተዋቸዋል። ታምሩ ከነድምፁ ሽማግሌ አይባልም፤ እኚህ ግን የእውነት ሽማግሌ ናቸው።

ሳሮን ኳሷን ስትይዝ ከዘራቸውን አነሱ። "ሳሮን! ልጄ! ወደ ፊት በይ!"

ሳሮን ዞረች። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አንገቷን ደፋ አደረገች።

"እሺ፣ አባባ!" አለች። ወደ ኋላ ወረወረች።

ሽማግሌው ረክተው ከዘራቸውን አወረዱ። ቀጥሎ ጓደኛዋን ጠሩ። "እሺ፣ አባባ!" ወደ ኋላ። ሌላዋን ጠሩ። "እሺ፣ አባባ!" እስከ መጨረሻው ድረስ ያለ እሺታ የተመለሰላቸው ጥሪ የለም፤ የተፈጸመላቸውም ምክር የለም። አሸነፍን። ዋንጫው የኛ ሆነ! ሽማግሌው እንኳ ልጆቹን አንድ በአንድ መርቀው ነው የሸኙን፤ ጨዋ ልጆች ናቸው አሉ።

ሳሮንን ይህን ከየት ተማርሽው ብዬ ጠየቅኋት። "እማዬ ዳድን እንደምትለው ነዋ፣ አንክል" አለችኝ፣ ጥርት ባለ አማርኛ።

ወደ ቤት ስንመለስ ዋንጫውን የያዘው ታምሩ ነው። ከጎኔ ተቀምጦ ጭኑ ላይ አቀፈው። የወንዙን ድልድይ እስክንሻገር በእጅጌው ሲወለውለው ነበር። ደስታ መስሎኝ ነበር።

"ግን አየሃቸው?" አለኝ በመጨረሻ፣ በረጅሙ ተንፍሶ። "ያን የሚያህሉ ትልቅ ሰው ጉሮሯቸው እስኪዘጋ ሲመክሩ፣ አንዷ እንኳ አልሰማቻቸውም። አሳደግን ብለን!"