ረቂቁ አንቀጽ በአንቀጽ ያየኝ ቀን

ትናንት ሕልም አየሁ፤ ለጠላቴም አይስጠው።

በሕልሜ የክልላችን ምክር ቤት በር ላይ ተሰልፌአለሁ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ከፊቴም ከኋላዬም የተሰለፉት ሁሉ እንደ እኔ የምክር ቤት አባላት ናቸው፤ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው፣ በየጀርባቸው የውሃ ጀሪካን ተሸክመዋል። መራጮቻችን ደግሞ ውስጥ ናቸው። በመስኮት አያቸዋለሁ፤ በሚሽከረከር ወንበር ተቀምጠው የታሸገ ውሃ ይጠጣሉ። አንዱማ ጭራሽ ያንኮራፋል።

«ለዚህ ነው የተመረጥንላቸው?» አለ ከኋላዬ የተሰለፈው አባል፣ ጀሪካኑን ወደ ሌላው ትከሻ እያዞረ።

በሩን የሚጠብቀው አህያ ነው። ደንብ ልብስ ለብሶ ፊሽካ አንጠልጥሏል። ተራዬ ሲደርስ ኪሴን ፈተሸ፣ ጫማዬን አስወለቀ፣ ካልሲዬን ገለበጠ።

«ሐሳብ ይዘሃል?» አለኝ።

«ኧረ የለኝም ጌታዬ!»

«እርግጠኛ ነህ? ሐሳብ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ባለፈው አንዱ በካልሲው ደብቆ አስገብቶ፣ ስብሰባው ሳያልቅ ምሳ ሰዓት አለፈ።»

«እኔ ንጹሕ ሰው ነኝ። ከተመረጥኩ ጀምሮ ገብቼ እወጣለሁ፤ አንድም ቀን ይዤ ገብቼ አላውቅም።»

«ታዲያ ይቺ ምንድን ናት?» አለና ከደረት ኪሴ አንድ ዓረፍተ ነገር መዝዞ አወጣ።

ክው አልኩ። ዓረፍተ ነገሯ የእትዬ ይርገዱ ናት። እትዬ ይርገዱ መራጬ ናቸው፤ የእንቆይ ምንጭ ሠፈር ሰው። ሠፈሩ ከዚያች ምንጭ ሌላ ውሃ የለውም፤ ሰውም ከብትም የሚጠጣው ከእሷው ነው። አሁን የመጣው የውሃ ረቂቅ አዋጅ ግን አንቀጽ ዘጠኝ ላይ፣ ምንጮች ሁሉ ታጥረው ለአንድ ድርጅት ይሰጡ ይላል። እትዬ ይርገዱ ቢሮዬ ድረስ መጥተው እጄን ያዙና፣ «ልጄ፣ ብዙ አናስቸግርህም። ‹እንቆይ ምንጭ ከአንቀጽ ዘጠኝ ይውጣ› በልልን። ይቺን ብቻ» አሉኝ። እኔም እናቴን ብዬ ማልኩላቸው። ይህንን ሁሉ ለአህያው ነገርኩት።

አህያው ጆሮውን አቆመ። «እኔስ ከዚያው ምንጭ ጠጥቼ አይደል ያደግኩት!» አለ። ግራና ቀኝ አየት አደረገና ዓረፍተ ነገሯን አፌ ውስጥ ወሸቃት። «በል ግባ። አላየሁህም፤ አላየኸኝም።»

የቋሚ ኮሚቴው አዳራሽ ገባሁ። በሰብሳቢው ወንበር ላይ ሰው የለም። አንድ መነጽርና አንድ ከረባት ብቻ አየር ላይ ተንሳፍፈዋል።

«ሰብሳቢው የት ሄዱ?» አልኩ።

«እዚሁ ነኝ» አለ ከረባቱ።

«አይታዩኝም እኮ!»

«እንዴት አድርጌ ልታይህ? ረቂቅ ነኝ!»

ለካ ሰብሳቢው ራሱ ረቂቅ አዋጁ ኖሯል። በግራና በቀኙ ሌሎች ረቂቆች፣ ደንቦችና ማሻሻያዎች ተቀምጠዋል። ጥግ ላይ ደግሞ አንድ ወረቀታቸው ቢጫ የሆነ ሽማግሌ የውሳኔ ሐሳብ ጋቢ ተከናንበው ያስላሉ።

«አባቴ፣ እርስዎ ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ?» አልኳቸው።

«ለዝርዝር እይታ ከተመራሁ ሰነበትኩ፣ ልጄ። የመራኝ ሰውዬ ጡረታ ወጣ። መሪ ያጣ ዕውር ሆኜ እዚሁ ቀረሁ» አሉና ሳላቸውን ቀጠሉ።

ረቂቁ መዶሻውን መታ። «ዛሬ ለዝርዝር እይታ የተመራልን አቶ እጅጉ ተሰማ ይባላል። አንቀጽ በአንቀጽ እናየዋለን።»

«ምን ማለት ነው? እኔ ነኝ እንጂ እናንተን የማየው!» ማለት ፈለግሁ። ግን የልማዴን ዝም አልኩ። አንሥተው ጠረጴዛው ላይ አጋደሙኝ።

«አንቀጽ አንድ፣ ራስ» አለ ረቂቁ።

«ወደ ላይና ወደ ታች በደንብ ይነቀነቃል» አለ አንዱ ደንብ እያንቀሳቀሰ። «ወደ ጎን ግን ዝጓል።»

«ወደ ጎን ምን ያደርግለታል? ይጽደቅ። አንቀጽ ሁለት፣ ቀኝ እጅ።»

«እሱማ ምን ይጠየቃል! ‹የምትደግፉ› ሳይባል ገና ‹የም› ሲባል ይወጣል። ስሙስ እጅጉ አይደል!»

ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ሰብሳቢ ሲስቅ አለመሳቅ አልችልበትም።

«አንቀጽ ሦስት፣ አፍ» አለ ረቂቁ። መነጽሩ ወደ ፊቴ ተጠጋ። «ይህ አንቀጽ ሥራ ላይ ውሎ ያውቃል?»

«ለምሳ» አሉ ሽማግሌው የውሳኔ ሐሳብ።

«ለሻይ ዕረፍትም» አለ አንዱ ማሻሻያ።

«ይኸው ነው? እንግዲያው አፉ ይሰረዝ የሚል ሐሳብ አቀርባለሁ።»

አሁን ፈራሁ። አፌ ከተሰረዘ የእትዬ ይርገዱም ዓረፍተ ነገር አብራ መሰረዟ ነው። ምንጯ ልትታጠር ነው!

«በሕግ አምላክ!» አልኩ በስንት ጭንቅ።

«ገና ሕግ አልሆንኩም» አለ ረቂቁ። «አስረጂ ይግባ!»

በሩ ተከፈተና እትዬ ይርገዱ ገቡ። ከረባት አስረዋል፤ ነጠላቸውን ግን አልጣሉም። ጠረጴዛው ላይ የተጋደምኩትን እኔን አዩኝ፤ አንድም ነገር አልደነቃቸውም።

«አፉን ተዉለት» አሉ። «አደራዬ እዚያ ውስጥ አለች።»

«ይናገራታል ብለው ያምናሉ?» አለ ረቂቁ።

«እኔ ምን አውቄ? የማለው እሱ ነው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም፤ በሕልሜም ይሁን በውኔ።

አንዱ ደንብ የጡብ ያህል ላጲስ ይዞ መጣና ከታችኛው ከንፈሬ ጀመረ። ከንፈሬ እየተፈረፈረ ሸሚዜ ላይ ይወርዳል።

«አፉ ይሰረዝ የሚለውን ሐሳብ የም…» አለ ረቂቁ።

የኔው ቀኝ እጅ ብድግ! በግራዬ ይዤ ወደ ታች ብጎትተው፣ ብለምነው፣ ብቆነጥጠው፣ ወይ ፍንክች!

«አንተ እጅ፣ የገዛ አፌን!» አልኩት።

«ልማድ ነው፤ ይቅርታ» አለኝ እጄ።

«የምትቃወሙ?» አለ ረቂቁ።

እትዬ ይርገዱ ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። ዓረፍተ ነገሯን ልተፋት ታገልኩ፤ በቀረኝ ግማሽ ከንፈር ግን አልወጣ አለችኝ። «እን… እንቆ…» እላለሁ፣ ላጲሱ ይፈገፍገኛል። በቃ፣ ምንጯ ሄደች ስል አንዲት ቃል ጉሮሮዬን ገፍታ መጣች፤ ባለ በሌለ ኃይሌ ለቀቅኳት።

«እቃወማለሁ!»

ድምፄ ራሴን ቀሰቀሰኝ። ብድግ ብዬ ቆሜአለሁ። ፊት ለፊቴ ማይክ፣ አጠገቡ የተከደነ የውሃ ጠርሙስ። የቋሚ ኮሚቴው አባላት በሙሉ ወንበራቸውን ወደ እኔ አዙረዋል። ለካ ምሳ በልተን ተመልሰን፣ እኔ በስብሰባው መሐል እንቅልፍ ጥሎኝ ኖሯል።

ሰብሳቢያችን አቶ ምናላቸው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው አወጡ። «እሰይ አቶ እጅጉ! አፍ አለዎት ለካ!» አሉ። ከዚያ ከማይኩ ርቀው ወደ ቃለ ጉባኤ ያዡ ዞሩ። «ሦስት ለሦስት ነበርን፤ የአቶ እጅጉ ተቃውሞ ለየው። እንግዲህ ወይዘሪት ፍሬገነት ያቀረበችው፣ ‹እንቆይ ምንጭ ከአንቀጽ ዘጠኝ ይውጣ› የሚለው ሐሳብ በአንድ ድምፅ ብልጫ ወድቋል። አንቀጽ ዘጠኝ እንዳለ ይቀጥላል።»

ወይዘሪት ፍሬገነት የኮሚቴያችን ትንሿ አባል ናት። እኔ ሳንቀላፋ እሷ የኔን ዓረፍተ ነገር ተናግራልኝ ኖሯል! የከዳትን ሰው እንደምታይ አየችኝ። «ቆይ፣ ቆይ፣ አይደለም…» ልል አፌን ከፈትኩ፤ ምንም አልወጣም። መዶሻው ተመታ።

ይኼኔ ከአዳራሹ ኋላ፣ ለአስተያየት ከተጠሩት ነዋሪዎች መሐል፣ አንዲት ሴት ነጠላቸውን እየሰበሰቡ ብድግ አሉ። እትዬ ይርገዱ ናቸው። ሰብሳቢው ለቃለ ጉባኤ ያዡ ያሉት ኋላ ድረስ አይሰማ፤ የወደቀውና የቆመው ሐሳብ የቱ እንደሆነ ከየት ያውቁታል? እሳቸው የሰሙት አንድ ነገር ነው፤ የመረጡት ሰው አፉን ከፍቶ ተቃውሟል።

«እልልልል!» አሉ፣ አዳራሹ እስኪያስተጋባ። «የኔ ልጅ ተቃወመልን! የእንቆይን ውሃ አስጣለልን! ተባረክ፣ አፍህ አይጥፋ!»