እናቴን ከገበያ ያስቀረሁበት ስልክ

በስልክ ያዘዝኩት ሽንኩርት አንድ ቀን ብቻውን መጣ። ቀልድ አይደለም። አንድ ራስ ሽንኩርት፣ ትልቅ ከረጢት ውስጥ ተጋድሞ፣ እስከ በራችን በመኪና ተሸኝቶ መጣ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ አንድ ኪሎ የሚለውን ትቼ አንድ ፍሬ የሚለውን ነክቼ ኖሯል። እናቴ ከረጢቱን ከፈተች፣ ሽንኩርቱን አገላብጣ አየችው፣ ከዚያ «ምነው፣ ይህ ዘመድ የለውም?» አለችኝ።

ሳቅን። እሷ ግን ሳቋን ከኔ ቀድማ አቆመች። ያኔ ልብ ማለት ነበረብኝ።

አስቀድሜ ልናገር፣ እኔ ስልክ የማማ ሰው አይደለሁም። ክሊኒክ ውስጥ ጸሐፊ ነኝ፤ ተቀምጬ ውዬ ቆሞ እንደዋለ ሰው ይደክመኛል። በስልክ መግዛት ለኔ ቢጤ በረከት ነው። የልጆቼን ጫማ በምሳ እረፍቴ ገዝቻለሁ። ቤር ሼቫ፣ ሽኩና ቫቭ የሚባለው ሰፈር ካለው ቤታችን ሳልወጣ ሸጫለሁም። ባለፈው ዓመት ልጆቼ ያደጉበትን የሕፃን አልጋ ፎቶ አንስቼ በስልክ ለሽያጭ አወጣሁት፤ ሻዬ ሳይቀዘቅዝ ከጎረቤት ከተማ ከዖሜር አንዲት ሴት ደወለች፣ መጣች፣ ጫነች፣ ሄደች። ዋጋ እንኳ አልተከራከረችም። እናቴ ከመኝታ ቤት ስትወጣ አልጋው የለም። ማን ወሰደው? አንዲት ሴት። ስሟ ማን ነው? አልጠየቅኋትም። የመጀመሪያ ልጇ ነው? እንጃ። እናቴ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሦስት ልጅ ያሳደግሽበትን አልጋ «ይደግበት» እንኳ ሳትይ ሰጠሽው? አለችኝ። እኔ ደግሞ በሦስት ደቂቃ ጨረስኩት ብዬ ስኮራ ነበር!

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። እናቴ ሐሙስ ሐሙስ ሹክ ትሄድ ነበር፤ የቤር ሼቫን ገበያ ሁላችንም ሹክ ነው የምንለው። የምትሄደው ለሰንበት የሚሆናትን ልትገዛ ነው ይባላል። ይባላል ማለቴ በከንቱ አይደለም። ሁለት ሰዓት ቆይታ አንድ እስር ቅጠል ይዛ የተመለሰችበት ቀን አለ። ከዓሣ ሻጩ ፊት ለፊት አንድ የድንጋይ አግዳሚ ነበር። እዚያ ላይ ትርንጎ፣ ስንዱና ያለምወርቅ ይጠብቋታል፤ ሦስቱም የጎንደር ሰዎች፣ ሦስቱም እንደኛው በፈረንጆቹ ዘጠና አንድ አይሁዶችን ባመጣው ዘመቻ በአውሮፕላን የመጡ። ማን ወለደች፣ ማን አረፈ፣ የማን ልጅ ከወታደር ቤት ተመለሰ፣ ለጉልበት የሚበጀው የትኛው ክኒን ነው፣ ሁሉም የሚወሰነው እዚያ ነው። ቲማቲም የሚታሰበው በመጨረሻ ነው። ታዲያ ለምን አይደዋወሉም ትሉ ይሆናል። እነሱ ዘንድ ስልክ የሚደወለው ሰው ሲሞት ነው። ለጨዋታ ብሎ የደወለ ሰው ቤቱን ሁሉ አስለቅሶ ይዘጋል።

አድርሻት፣ ጠብቄያት የምመልሳት እኔ ነበርኩ። እንግዲህ ኃጢአቴ እዚህ ላይ ነው። አንድ ሐሙስ በጣም ደከመኝና «እማዬ፣ ሹኩ ተዘግቷል፤ ሺፑጺም ነው» አልኳት። እድሳት ነው ማለቴ ነው። ለምን በዕብራይስጥ አልኩት? ውሸት በአማርኛ ሲሆን ያስታውቃል፤ በዕብራይስጥ ሲሆን ማኅተም የተመታበት ደብዳቤ ይመስላል። እናቴ ይህን ያህል ዘመን እዚህ ኖራ እንኳ፣ በዕብራይስጥ የተነገረ ነገር ሁሉ ከመንግሥት የመጣ ይመስላታል። «ሺፑጺም ከሆነማ ምን ይደረጋል» አለችና ሻሿን ፈታች።

ለአንድ ሐሙስ ያሰብኩት ውሸት ስምንት ወር አገለገለኝ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የኔው እያደር ከበደ።

ለእሷ ብዬ ነው እያልኩ ሁሉን በስልክ አዝዝላት ጀመር። ዕቃ የሚያመጣው ጢሙ የሸበተ ሩሲያዊ ነው። እናቴ በር ላይ አስቁማ በአማርኛ ዋጋ ትከራከረዋለች። ተከፍሏል እኮ እማዬ፣ እላታለሁ። «ቢከፈልስ? ዝም ተብሎ ይገዛል እንዴ?» ትለኛለች። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ሰውየው ደረጃው ላይ ተቀምጦ፣ አንድም ቃል ሳይገባው፣ ሲያዳምጣት አገኘሁት። ለካ በሳምንት ውስጥ ከቤት ውጭ የምታዋራው ሰው እሱ ብቻ ነው።

ሐሙስ ሲሆን ደግሞ ጫማዋን አድርጋ ሶፋው ላይ ትቀመጣለች። ወዴት ነው ስላት «ወዴትም» ትላለች። ይህን ስንት ሐሙስ አየሁ? መቁጠር ያስፈራኛል።

ባለፈው ሐሙስ ግን አልቻልኩም። ከሥራ ፈቃድ ጠየቅሁና «ተነሺ፣ ሺፑጺሙ አልቋል» አልኳት። ነጠላዋን ለማንሳት ስትጣደፍ ብታዩዋት! መንገዱን ሙሉ ስታወራ ሄደች፤ ለትርንጎ የምትነግራትን፣ በስንዱ የምትስቅበትን።

ደረስን። ገበያው ያው ገበያ። ያው የዛገ ጣሪያ፣ ያው ከዓሣው ሥር የሚተኛ ውሃ። እናቴ ጣሪያውን አየች፣ ወለሉን አየች፣ ቀጥላ እኔን አየች።

«ጥሩ አድርገው አድሰውታል» አለች።

 በጥፊ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

አግዳሚው ባዶ ነው። እስኪመጡ እንጠብቅ አለችና ተቀመጠች። ግማሽ ሰዓት ሆነ፤ ማንም የለም። ዓሣ ሻጩ ሲያውቃት እጁን ጠራርጎ መጣ፤ ወዴት ጠፋሽ አላት። እሷም ሴቶቹ የት እንዳሉ ጠይቂልኝ አለችኝ። እሱ ከልጆቻቸው ሰምቶ የነገረኝን ሁሉ በገዛ አፌ ተረጎምኩላት። ስንዱን ልጇ አውቶቡሱ መስመር ቀይሯል ብላታለች። ያለምወርቅን ልጇ ሐኪም ከልክሎሻል ብሏታል። ትርንጎ እስከ ፋሲካ ብቻዋን እየመጣች፣ ስለ እናቴ እየጠየቀች ትቀመጥ ነበር። ከዚያ የሷም ልጅ መጣችና፣ ከእንግዲህ ዓሣውን በስልክ እናዛለን ብላ ቁጥሩን ወሰደች።

 ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት እናቴ ቀደመችኝ።

«ደግ ልጅ ያለኝ እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር» አለች። «ለካ ሁላችንም ደግ ደግ ልጆች ወልደናል።»

ከዚያ ቦርሳዬን በጣቷ ነካ ነካ አደረገችው።

«በይ አውጭው ስልክሽን። ትርንጎን እዘዥልኝ።»